ሰማዩ ይከፈት፤ ሞተሩስ የታለ?

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አንድ ትዕዛዝ ፈረሙ። የአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ1973 ጀምሮ የቆየውን፣ ሲቪል አውሮፕላኖች በየብስ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በላይ እንዳይበሩ የሚከለክለውን ደንብ እንዲያነሣ የሚያዝ ትዕዛዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው እንደተሰማ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የኮንኮርድን ፎቶ ከማኅደር አውጥተው ለጠፉ። ያ ቀጭን ነጭ አውሮፕላን ሊመለስ ነው፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በቢሮክራሲ ታስሮ የኖረ ፈጠራ ሊፈታ ነው ተባለ።

ትረካው ደስ ይላል። ችግሩ ግን ከታሪኩ ጋር አለመግጠሙ ነው።

ደንቡ የሚከለክለው በየብስ ላይ መብረርን ብቻ ነው። ውቅያኖስን ነክቶ አያውቅም። ኮንኮርድ ራሱ ከ1976 እስከ 2003 ድረስ ለ27 ዓመታት አትላንቲክን ያቋረጠው ይህ ደንብ እንዳለ ነው። ዛሬም አንድ አየር መንገድ ከለንደን ኒውዮርክ በድምፅ ሁለት እጥፍ ፍጥነት መንገደኛ ልጫን ቢል በውቅያኖሱ ላይ የሚያስቆመው ሕግ የለም። ያም ሆኖ ኮንኮርድ ከቆመ ከ20 ዓመት በላይ ሲያልፍ አንድም ተተኪ አልመጣም። ከልካይ በሌለበት ሰማይ ላይ ማንም ያልበረረው ለምንድን ነው?

መልሱ ከክንፉ ሥር ነው። ይህን አውሮፕላን በሚያዋጣ ወጪ፣ በሚቻል ድምፅ፣ ለብዙ ሰዓት የሚገፋ ሞተር በዓለም ላይ የለም። ሊሠሩት የሚችሉት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ደግሞ አንሠራም ብለዋል። ስለ ሕጉ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጄት ሞተር ከፊቱ አየር ይውጣል፣ ይጨምቃል፣ ነዳጅ ያቃጥልበታል፣ ከዚያ በኋላው በፍጥነት ይተፋዋል። አውሮፕላኑ ወደ ፊት የሚገፋው በዚህ ነው። ተመሳሳይ ግፊት በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። አንደኛው እጅግ ብዙ አየር በመጠኑ መግፋት ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት አየር በከፍተኛ ኃይል መወርወር። የመጀመሪያው ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ነው ላለፉት 50 ዓመታት የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮች እየወፈሩ የመጡት። ለቦይንግ 777ኤክስ የተሠራው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጂኢ9ኤክስ ሞተር የፊት ማራገቢያው ስፋት 134 ኢንች ነው፤ 3 ሜትር ከ40 ገደማ። ሁለት ረጃጅም ሰዎች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆሙ ነው ጫፉን የሚነኩት። ከሚውጠው አየር አብዛኛው ወደ እሳቱ ሳይገባ በዳር በኩል ያልፋል።

ከድምፅ በላይ ሲበረር ይህ ጥበብ ሁሉ ወደ ዕዳ ይቀየራል። ሰፊው አፍ አየሩን የሚጋፋ ግድግዳ ይሆናል። ሌላም አለ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚተፋው ጋዝ አውሮፕላኑ ከሚበርበት ፍጥነት በላይ ካልፈጠነ ግፊት የሚባል ነገር አይኖርም። በድምፅ 1.7 እጥፍ (በባለሙያዎቹ አጠራር ማክ 1.7) በከፍታ ላይ መብረር ማለት በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል መጓዝ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቀጠን ብሎ ጋዙን በኃይል መወርወር አለበት። ቀጭን ሞተር ደግሞ በመነሻ ሰዓት ይጮኻል። እንዴት ይጮኻል? የጄት ጩኸት ኃይል ከሚተፋው ጋዝ ፍጥነት ጋር የሚያድገው በስምንተኛ ደረጃ መሆኑን እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል ከ70 ዓመት በፊት አሳይቷል። የጋዙ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል 256 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ኮንኮርድ ሲነሣ በሄትሮው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የቤታቸው መስኮት ይንቀጠቀጥ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ሰው ብዙ ጊዜ የማያየው ይህን ነው። በ18 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ነው። ነገር ግን በማክ 2 የሚመጣ አውሮፕላን ያን አየር ገጭቶ ሲያቆመው ሙቀቱ ወደ 117 ዲግሪ ይወጣል። በማክ 1.7 ደግሞ ወደ 69 ዲግሪ። ሞተሩ ገና ምንም ሳይጨምቅ፣ ገና ክብሪት ሳይጫር፣ የሚውጠው አየር ትኩስ ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ የዚህን ነገር ቅርብ ዘመድ ያውቀዋል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ሲመለስ ግን ያለ ማቋረጥ ይመጣል። ምክንያቱ 2,300 ሜትር ላይ ያለው የቦሌ አየር ስስ መሆኑ ነው። ሞተሩ የሚውጠው አየር ሲሳሳ ወይም ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። በቦሌ ይህ ለጥቂት ደቂቃ፣ በመነሻ ሰዓት ብቻ የሚያጋጥም ችግር ነው። ከድምፅ በላይ የሚበር ሞተር ግን ጉዞውን በሙሉ ትኩስ አየር እየዋጠ ነው የሚሠራው።

ተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው ሲነሣ ብቻ ነው። ከፍታውን ከያዘ በኋላ ረገብ ይላል፣ ያርፋል ማለት ይቻላል። የተዋጊ ጄት ሞተርም ከድምፅ በላይ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ ወደ ጥገና ይገባል፣ ወጪውንም መንግሥት ይከፍላል። የሱፐርሶኒክ መንገደኛ ሞተር የሁለቱን ሸክም አንድ ላይ ይሸከማል፤ እንደ ተዋጊ ይሞቃል፣ እንደ አውቶቡስ በየቀኑ ይሠራል። በውስጡ ያሉት የተርባይን ምላጮች በዚያ ሙቀት ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያሉ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

ኮንኮርድ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ እስካሁን ያስደንቃል። የሞተሩ ስም ኦሊምፐስ 593 ነው፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ። ከባዶ የተነሣ ሞተር አልነበረም። መነሻው ቩልካን በተባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ላይ ለዓመታት የበረረው ኦሊምፐስ ነው። ትልቁ ብልሃት ደግሞ ከሞተሩ ፊት ያለው አየር ማስገቢያ ነበር። በማክ 2 የሚመጣ አየር እንዳለ ወደ ሞተሩ ቢገባ መጭመቂያውን ያናጋዋል፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ ወደ ማክ 0.5 ገደማ መውረድ አለበት። የኮንኮርድ ማስገቢያ በኮምፒውተር እየታዘዙ በሚንቀሳቀሱ ሳንቃዎች ይህን ሥራ በሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ውስጥ ይጨርሰው ነበር። አየሩ ሲቆም ራሱ ስለሚታመቅ፣ በማክ 2 ላይ ከጠቅላላው ግፊት 60 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ማስገቢያ ይገኝ እንደነበር መሐንዲሶቹ ይናገራሉ። ሞተር የሚባለው ነገር ብረቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማስገቢያውና መውጫው ጭምር መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሶቪየቶቹ ቱ-144ን ከኮንኮርድ ሁለት ወር ቀድመው በ1968 የመጨረሻ ቀን አበረሩ። የአውሮፕላኑ ቅርጽ ከኮንኮርድ ብዙም አይለይም ነበር። የሚለየው ሞተሩ ነው። የኮንኮርድ ሞተር የድምፅን ግንብ አልፎ ማክ 1.7 ከደረሰ በኋላ አፍተርበርነሩን (ከኋላ ተጨማሪ ነዳጅ እየረጨ የሚያቃጥለውን ክፍል) አጥፍቶ ይጓዛል። የመጀመሪያው ቱ-144 ግን ፍጥነቱን ለመጠበቅ አፍተርበርነሩን እያነደደ መጓዝ ነበረበት። ነዳጁን ይጠጣዋል፣ ሩቅ አይሄድም፣ ውስጡም በጩኸት የተነሣ ለመነጋገር ያስቸግራል። ከሞስኮ አልማ አታ 55 ጊዜ ብቻ መንገደኛ አመላልሶ በ1978 ቆመ። በፓሪሱ ትርኢት ላይ በ1973 የደረሰው አደጋ ስሙን አጉድፎታል፤ ከመንገደኛ አገልግሎት እንዲወጣ ያደረገው ግን በዋናነት የሞተሩ ጉዳይ ነው።

ኮንኮርድም ቢሆን በሒሳብ አላዋጣም። 100 ያህል ሰው ጭኖ በሰዓት 20 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥል ነበር። የልማቱን ወጪ የሸፈኑት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ግብር ከፋዮች ናቸው። ከተሠሩት 20 አውሮፕላኖች ለንግድ የበረሩት 14 ብቻ ሲሆኑ፣ የገዟቸውም በወቅቱ የመንግሥት የነበሩት የሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች ናቸው። በ2000 ፓሪስ አጠገብ የደረሰውና 113 ሰው የሞተበት አደጋ ፍጻሜውን አፋጠነው እንጂ ሒሳቡ ቀድሞውንም ተዘግቶ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በዴንቨር አቅራቢያ የሚገኘው ቡም ሱፐርሶኒክ በ2014 በብሌክ ሾል የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ኦቨርቸር የሚባል፣ ከ64 እስከ 80 ሰው የሚይዝ፣ በማክ 1.7 የሚበር አውሮፕላን ለመሥራት ተነሥቷል። ዩናይትድ አየር መንገድ 15፣ አሜሪካን አየር መንገድ 20 ለመግዛት ተስማምተዋል፤ የጃፓን አየር መንገድም ቀደም ብሎ ገንዘብ አስገብቷል። ኤክስቢ-1 የተባለችው ትንሿ የሙከራ አውሮፕላኑ በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 በሞሃቪ በረሃ ላይ የድምፅን ፍጥነት አልፋለች። በመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን በግል ገንዘብ የተሠራች ጄት ይህን ማድረጓ ትልቅ ነገር ነው፤ መካድ አይገባም።

ነገር ግን ኤክስቢ-1ን ያበረሯት ሦስት ሞተሮች ጄ85 የሚባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራዎች ናቸው። በ1950ዎቹ የተነደፉ፣ ለወታደራዊ ማሠልጠኛ ጄት የተሠሩ፣ አፍተርበርነር ያላቸው። ስለዚህ ያ በረራ ስለ ክንፉና ስለ ቅርጹ ብዙ ነገር አረጋግጧል፤ ኦቨርቸርን ስለሚገፋው ሞተር ግን ያረጋገጠው ነገር የለም። ሰሞኑን ስሙ የሚነሣው የናሳው ኤክስ-59ም እንዲሁ ነው። በኦክቶበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ አውሮፕላን የተሸከመው ከተዋጊ ጄት የተወሰደ ኤፍ414 ሞተር ነው። እሱ የሚያጠናው ፍንዳታ የሚመስለውን የድምፅ ሞገድ እንዴት ማለዘብ እንደሚቻል ነው፤ የሞተር ጥያቄን ለመመለስ አልተሠራም።

የቡም የመጀመሪያ እቅድ ሞተሩን ከሮልስ ሮይስ ማግኘት ነበር። ሁለቱ ለሁለት ዓመት አብረው አጠኑ። በሴፕቴምበር 2022 ሮልስ ሮይስ ወጣ፤ የሱፐርሶኒክ መንገደኛ ገበያ ለጊዜው ቅድሚያ የምንሰጠው አይደለም አለ። ጋዜጠኞች ሌሎቹን ጠየቁ። ፕራት ኤንድ ዊትኒ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ሃኒዌል፣ የፈረንሳዩ ሳፍራን፣ ሁሉም በየአፋቸው ፍላጎት የለንም አሉ። ጄኔራል ኤሌክትሪክማ እጁን አቃጥሎ ነበር። ኤሪዮን ለተባለ ሌላ ኩባንያ አፊኒቲ የሚባል የሱፐርሶኒክ ሞተር ንድፍ ይዞ በ2018 ብቅ ካለ በኋላ፣ ኤሪዮን በሜይ 2021 ገንዘብ አጥቶ ተዘጋ።

የቡም ደጋፊዎች ይህን የትልልቆቹ ስንፍና ነው ይላሉ። የጠገበ ድርጅት አዲስ ነገር አይደፍርም የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ግን ለምን እንዳልደፈሩ ሒሳቡን ማየት ይበጃል። የሞተር ኩባንያ ሞተሩን ሲሸጥ ብዙም አያተርፍም፤ አንዳንዴም ይከስራል። የሚያተርፈው በቀጣዮቹ 20 እና 30 ዓመታት በመለዋወጫና በጥገና ነው። ስለዚህ ብዙ ሞተር በሰማይ ላይ መኖር አለበት። በቦይንግ 737 እና በኤርባስ ኤ320 ላይ የሚታወቀው ሲኤፍኤም56 ከ30,000 በላይ ተሠርቷል። ቡም እስካሁን ትዕዛዝና የቅድሚያ ስምምነት ብሎ የሚቆጥረው 130 አውሮፕላን ነው። እያንዳንዱ አራት ሞተር ስለሚይዝ 520 ሞተር ማለት ነው፤ ያውም አየር መንገዶቹ ሁሉ ቃላቸውን ከጠበቁ። አብዛኛው ስምምነት አውሮፕላኑ የተባለውን የደኅንነትና የአሠራር መስፈርት ካሟላ የሚል ሐረግ ያለበት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነገር ነው።

የዘርፉ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ጠባሳ አላቸው። ሮልስ ሮይስ በፌብሯሪ 1971 የከሰረው አርቢ211 የሚባል አንድ ሞተር ሲያለማ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ወርሶ ባያድነው ኖሮ ዛሬ ስሙ የመኪና ብቻ ይሆን ነበር። ሞተሩ በኋላ ስመ ጥር ሆነ፤ የጀመሩት ባለ አክሲዮኖች ግን አላዩትም። የፕራት ኤንድ ዊትኒ አዲሱ ሞተር ጂቲኤፍ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣበት ይነገራል። ከ2016 ጀምሮ መንገደኛ ሲያጓጉዝ ቆይቶ፣ ለዲስኮች ማምረቻ የዋለው የብረት ዱቄት ንጽሕና ጉድለት እንደነበረው በ2023 ይፋ ሆነ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ለምርመራ ቆሙ። ልብ ይሏል፤ ይህ ከድምፅ በታች የሚበር፣ በመቶ ዓመት ልምድ ባለው ኩባንያ የተሠራ ሞተር ነው።

ቡም ምን አደረገ? በዲሴምበር 2022 ራሴ እሠራዋለሁ አለ። ስሙን ሲምፎኒ አለው። ንድፉን ፍሎሪዳ ተርባይን ቴክኖሎጂስ ከተባለው የክራቶስ ቅርንጫፍ ጋር፣ የጥገናውን ነገር ከስታንዳርድኤሮ ጋር ተዋውሎ ጀመረ። ሲታወጅ 35,000 ፓውንድ ግፊት፣ አፍተርበርነር የሌለው፣ የፊት ማራገቢያው ስፋት 72 ኢንች የሆነ ቱርቦፋን ነበር። እንደ ኮንኮርድ ሞተር ቀጭን አይደለም፣ እንደ ዛሬዎቹም ወፍራም አይደለም። በመነሻ ሰዓት የአየር ማረፊያ ጎረቤት እንዳይከሰው ሰፋ፣ በማክ 1.7 አየር እንዳይገፋው ጠበብ ብሏል። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ከማክ 2 ወደ 1.7 መውረዳቸውም ብልህነት ነው፤ ከላይ የተባለውን ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ ያህል ይቀንስላቸዋል።

ነገር ግን ንድፍ ሞተር አይሆንም። ኦሊምፐስ 593 በቩልካን ሆድ ሥር ታስሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1966 ነው። መንገደኛ የጫነው በጃንዋሪ 1976 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ፤ ያውም ለዓመታት የበረረ መነሻ ሞተር፣ የሁለት መንግሥታት ካዝናና ልምድ ያላቸው ኩባንያዎች ይዞ። ቡም በ2021 ለዩናይትድ ሲሸጥ አውሮፕላኑ በ2025 ከፋብሪካ እንደሚወጣ፣ በ2026 እንደሚበር፣ በ2029 መንገደኛ እንደሚይዝ ተናግሮ ነበር። 2025 አልፏል። በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ያለው ፋብሪካ ሕንፃው ቆሟል፤ የወጣ አውሮፕላን የለም። ትንሿ ኤክስቢ-1 እንኳ በ2017 መጨረሻ ትበራለች ተብላ የበረረችው በማርች 2024 ነው። የተበደረ ሞተር ይዛ ስድስት ዓመት ገደማ የዘገየች ከሆነ፣ ገና ያልተወለደ ሞተር የሚጠብቀው ትልቁ ወንድሟ በቀጠሮው ይደርሳል ብሎ ማመን እምነት እንጂ ስሌት አይሆንም።

እዚህ ላይ የኢሎን መስክ ስም ይነሣል። ስፔስኤክስንም ስቀውበት ነበር ይባላል። እውነት ነው። ግን የስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶች ከሸፉ፤ አራተኛው በ2008 ተሳካ። በውስጣቸው ሰው አልነበረም። የሮኬት ሞተር የሚሠራውም ለደቂቃዎች ነው። 80 ሰው ይዞ በውቅያኖስ መሀል የሚበር ሞተር ሦስት ጊዜ ከሽፎ በአራተኛው የመሳካት መብት የለውም። ፈቃድ ለማግኘት የሞተ ወፍ በከፍተኛ ፍጥነት ይወረወርበታል፣ የማራገቢያው ምላጭ እየዞረ ሆን ተብሎ ይሰበራል፣ ፍርስራሹ ከሽፋኑ እንዳይወጣ ይታያል። የአቪዬሽን ጥንቃቄ ለምን ይህን ያህል እንደሚዘገይ ለሚያማርር ሰው፣ ጥንቃቄው የተገዛው በሰው ሕይወት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በዲሴምበር 2025 ደግሞ ነገሩ ያልተጠበቀ መታጠፊያ ያዘ። ቡም የሲምፎኒን እምብርት ወስዶ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደሚሠራ አስታወቀ። ስሙ ሱፐርፓወር ነው፤ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ 42 ሜጋዋት የሚያመነጭ ተርባይን። ደንበኛው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከል የሚገነባው ክሩሶ ሲሆን፣ 29 ተርባይን አዟል። ከዚሁ ጋር ቡም አዲስ 300 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ማግኘቱን ገለጸ።

ሾል የሚሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ጎን አለው። በማክ 1.7 ለሰዓታት የሚጓዝ ሞተርና መሬት ላይ ቀን ከሌት የሚዞር ተርባይን የሚመሳሰል ፈተና አላቸው፤ ሁለቱም ሳያርፉ ይሞቃሉ። ተርባይኑ ገንዘብ ያመጣል፣ የሚያጠራቅመው ሰዓትም ስለ ብረቱ ያስተምራል። የመረጃ ማዕከሎች ኃይል ፍለጋ ባበዱበት፣ የነባሮቹ ተርባይን አምራቾች ወረፋ በረዘመበት ዘመን ገበያውም አለ። እንደ ንግድ ውሳኔ ከታየ፣ ቡም ከተመሠረተ ወዲህ ከወሰናቸው ሁሉ ምናልባት ይህ ነው ብልሁ።

እንደ አቪዬሽን ውሳኔ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። ልማዱ በተቃራኒው ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤልኤም6000 የተባለውን ማመንጫ የሠራው በቦይንግ 747 እና 767 ላይ ከሚበረው ሲኤፍ6 ሞተር ነው። መጀመሪያ በሰማይ ተፈተነ፣ ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። ቡም መሬት ላይ ጀምሮ ወደ ሰማይ ልውጣ እያለ ነው። መሬት ላይ ያለ ተርባይን ወፍ አይውጥም፣ በመነሻ ኃይልና በጉዞ ኃይል መካከል በቀን ብዙ ጊዜ አይዋዥቅም፣ የፊት ማራገቢያም የለውም። ከሁሉ በላይ አየር ማስገቢያው የለም። የኮንኮርድን ግፊት ከግማሽ በላይ የሰጠው፣ የሱፐርሶኒክ ምሥጢር ሁሉ ያለበት ያ ክፍል በመረጃ ማዕከል ጓሮ ውስጥ አይፈተንም። ደግሞ የገንዘብ ነገር አለ። ተርባይኑ ካዋጣ፣ ባለሀብቱ በየዓመቱ ትርፍ ከሚያመጣው ማመንጫ ላይ ገንዘብ አንሥቶ ቢሊዮኖች ወደሚበላው አውሮፕላን እንዲያዞር ምን ያስገድደዋል? ካላዋጣ ደግሞ አውሮፕላኑም አብሮ ይሞታል።

በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ነዳጅ የሚነገረው ነገር በጣም ቀሏል። ሲምፎኒ መቶ በመቶ ዘላቂ በሚባለው የአቪዬሽን ነዳጅ ይሠራል ይባላል፤ ከአሮጌ ዘይት፣ ከተረፈ ምርትና ከመሳሰለው በሚሠራው። ሞተሩ ሊሠራበት ይችላል፤ ነዳጁ ግን የለም። በ2024 በዓለም ላይ የተመረተው ከአጠቃላዩ የጄት ነዳጅ ፍጆታ 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አይሲሲቲ የተባለው የትራንስፖርት ጥናት ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምት፣ በወቅቱ ይታሰቡ የነበሩት ሱፐርሶኒክ አውሮፕላኖች ለአንድ መንገደኛ ከተራ አውሮፕላን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ነዳጅ ያቃጥላሉ ብሏል። የኦቨርቸር ንድፍ ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱን ስለቀነሰ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ይሁንና ያችን ጥቂት ንጹሕ ነዳጅ ብዙ ሰው ከሚጭነው አውሮፕላን ወስዶ 80 ሀብታም መንገደኛን ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለማድረስ ማዋል፣ አካባቢ ጥበቃ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ወደ ትራምፕ ትዕዛዝ ስንመለስ፣ የደንቡ መነሣት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካን የውስጥ በረራ ገበያ ይከፍታል፤ ገበያ ሲሰፋ የሞተር ሒሳብም ሊለወጥ ይችላል። ቡም በየብስ ላይ ለመብረር ያሰበበት ዘዴ ራሱ ከኤክስቢ-1 የመጣ ነው። አውሮፕላኑ በከፍታ ላይ ከድምፅ በጥቂቱ ብቻ ፈጥኖ ከበረረ፣ የድምፅ ሞገዱ በሚወርድበት ጊዜ በታችኛው ሞቃት አየር ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ መሬት ላይ ያለ ሰው ምንም አይሰማም። ግሩም ፊዚክስ ነው። ግን ዘዴው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። አውሮፕላኑ የድምፅን ግንብ የሚሻገረው ከ30,000 ጫማ በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ሆኖ ነው፤ ያም አየሩ ክፉኛ በሚጋፋበት የፍጥነት ክልል ውስጥ ማለት ነው። ኮንኮርድ እዚያ ቦታ ላይ አፍተርበርነሩን ይለኩስ ነበር። ሲምፎኒ ግን የለውም። በደረቅ ጉልበቱ መግፋት አለበት።

ስለዚህ የዚህን ጉዳይ ዜና የሚከታተል ሰው የሚመለከተው ቦታ ዋሽንግተን አይደለም። ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ የኮሎራዶ አየርና የጠፈር ወደብ የሚባል ሜዳ አለ። ቡም የሲምፎኒን እምብርት ለመሞከር የመረጠው እዚያ ነው። የፍተሻ ጣቢያውን ከዚያ በፊት ይጠቀምበት የነበረው ሪአክሽን ኢንጂንስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ የሚያስኬድ ሞተር ለመሥራት ከ30 ዓመት በላይ ደክሞ፣ ብዙ የተሳኩ የቤተ ሙከራ ውጤቶች ይዞ፣ በኦክቶበር 2024 ገንዘብ አልቆበት ፈረሰ።